የፉላኒዎችን የከብት መንጋ ምርታማነት ከላሞቹ ታሪክ እንዴት ማወቅ ይቻላል

በምዕራብ አፍሪካ ከብት አርቢዎች በፉላኒዎች ዘንድ የአንድን መንጋ ምርታማነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከብቶቹ ጆሮ ላይ መለያ ቁጥር አድርጎ ለዓመታት መከታተል ሲሆን፣ ሁለተኛው እያንዳንዷ ላም ስንት ጊዜና መቼ እንደወለደች፣ ጥጆቿም ምን እንደደረሱ ባለቤቱን ጠይቆ መመዝገብ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የነበረውና በኋላ በዛሬው ኢልሪ የተተካው የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢልካ፣ በናይጄሪያ ካዱና አካባቢ የፉላኒዎችን መንጋ ለዓመታት ተከታትሏል። ያን የሚያህል ጊዜና ገንዘብ ለሌለው ሰው ግን ሁለተኛው መንገድ ይሻላል፤ እኔም ካዱና ውስጥ የሠራሁት በእሱ ነው።

ሥራውን ሲጀምሩ «ስንት ከብት አለህ?» ብለው አይጠይቁ። በሰሜን ናይጄሪያ በቅኝ ግዛት ዘመን ጃንጋሊ የሚባል የከብት ግብር ይሰበሰብ ስለነበር፣ ከብት ቆጣሪ እንግዳ ዛሬም በጥርጣሬ ይታያል። ከዚያ ይልቅ መንጋው ከግጦሽ ሲመለስ፣ ጥጆቹ ዳንጎል በሚባለው ረጅም ገመድ ላይ በሚታሰሩበት ሰዓት ይድረሱ። ከገመዱ አንድ ጫፍ ተነሥተው የእያንዳንዱን ጥጃ እናት ይጠይቁ። ባለቤቱ ላሚቱን በመልኳና በዘሯ ስለሚያውቃት፣ ቁጥር ሳይነሣ መዝገቡ በራሱ ይሞላል። የነጠፉትን ላሞችና ጊደሮቹን ከዚያ በኋላ ያስከትሉ።

በመዝገቡ ላይ «የማን ናት?» የሚል ዐምድ መኖር አለበት። መንጋው ውስጥ የሚስት፣ የልጅ፣ ከተማ የሚኖር ሰው ከብት ይገኛል። የፉላኒ ወገን የሆኑት የኒጀር ወዳቤዎች ሀባናኤ በሚሉት ልማድ በውሰት የመጣች ጊደርም ልትኖር ትችላለች፤ ተዋሹ ሁለት ወይም ሦስት ጥጃ ካስቀረ በኋላ እሷን ይመልሳል። በበጋ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ የምታለበው ላም ከቤተሰቡ ጋር ስትቀር ሌላው ከብት ራቅ ወዳለ ግጦሽ እንደሚነዳ ያስታውሱ። ሰፈሩ ላይ ያዩትን ብቻ ከመዘገቡ፣ መንጋው በሙሉ የምታለብ ላም ይመስልዎታል።

ዕድሜን በጥርስ ይገምቱ። የቀንድ ቀለበት ቆጥሮ የወሊድ ቁጥር ማውጣትን ግን አላምንበትም።

ሥራው የሚበላሸው የወሊድ ጊዜ ላይ ነው። ባለከብቱ ዓመተ ምሕረት አይጠራም፤ ንዱንጉ ሲል የዝናቡን ወቅት፣ ዳቡንዴ ሲል ብርዱንና የሐርማታኑን ነፋስ፣ ቼዱ ሲል ሐሩሩን ማለቱ ነው። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ከመጀመርዎ በፊት ከሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው የአካባቢውን የዘመን ዝርዝር ያዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. የ2012ቱ ታላቅ ጎርፍ፣ የ2020ው ኮሮና፣ በ2023 መጀመሪያ ገንዘብ ተቀይሮ የናይራ ኖት የጠፋበት ወቅት ሁሉም ሰው የሚያስታውሳቸው ናቸው። እኔ ይህን ዝርዝር ሳላዘጋጅ ገባሁበት። ብዙዎቹ «ረመዳን ላይ ወለደች» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ሥራውን በሠራሁበት ዓመት ረመዳን የገባው በሐሩሩ ወቅት ስለነበር፣ የረመዳን ጥጃ የተባለውን ሁሉ ቼዱ ብዬ ጻፍኩ። የሂጅራ ዓመት ከእኛው 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን በወቅቶች ላይ እንደሚዞር የማውቀው ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የገባው ሰኔ ላይ፣ በዝናብ ነበር፤ በ2023 ግን መጋቢት ላይ። ስሕተቱን የነገረኝ መዝገቡ ራሱ ነው፤ አንዲት ነጭ ላም በ8 ወር ልዩነት ሁለቴ ወልዳ ተገኘች። የላም እርግዝና 9 ወር ከ10 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ይህን ሳነብላቸው ሽማግሌው ሳቁብኝ። ከስድሳ በላይ ላሞችን እንደገና ጠየቅሁ። አሁን በሁለት ወሊዶች መካከል ከ11 ወር በታች የሆነ ነገር ካየሁ እዚያው ቆሜ እጠይቃለሁ።

ክፍተቱ ከሦስት ዓመት ሲበልጥ ደግሞ የተረሳ ጥጃ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። የሞተ ጥጃ ቶሎ ይረሳል፤ ካልተረሳም ፑላኩ የሚባለው የጨዋነት ሥርዓት ኀዘንን አደባባይ ማውጣት ስለማይወድ ባለቤቱ አልፎት ይሄዳል። «ሞተ ወይ?» ከማለት «በዚህችና በዚያኛዋ መካከል ሌላ ወልዳ ነበር?» ቢሉ ይሻላል። የጨነገፈውን፣ የተሸጠውንና የታረደውን ለይተው ይጻፉ።

ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዲት ላም መጀመሪያ በ2014 ክረምት፣ ለአራተኛ ጊዜ በ2021 ክረምት ብትወልድ፣ መካከሉ 84 ወር ነው፤ የሚካፈለው ግን ለ4 ሳይሆን በመካከሉ ላሉት 3 ክፍተቶች ስለሆነ 28 ወር ይወጣል። በዚህ ስሌት 100 ላም በዓመት 43 ያህል ጥጃ ይሰጣል። ለ4 ያካፈለ ሰው 21 ወር ያገኝና 57 ጥጃ ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ 14ቱ ጥጃ የተወለደው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ወተቱን ሴቶቹን ይጠይቁ። ማን እንደሚያልብ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ወተቱ የሴቷ ነው፤ ኖኖ የሚባለውን የረጋ ወተት በቅል ተሸክማ ገበያ የምትወጣውም እሷ ናት። በሊትር መስፈሪያ አይለኩ፣ አረፋው ያታልላል፤ ቅሉን ባዶውን ከመዘኑ በኋላ ከነወተቱ በተንጠልጣይ ሚዛን ይመዝኑት። ጥጃው መጀመሪያ ጠብቶ ላሟ ወተቷን ስትለቅ ከፊት እግሯ ጋር ይታሰራል፣ ትታለባለች፣ ከዚያ ተፈትቶ የቀረውን ይጠባል። ስለዚህ በሚዛኑ ያገኙት የሰው ድርሻ ብቻ ነው። የጥጃውን ድርሻ ለማወቅ ከመጥባቱ በፊትና በኋላ መመዘን ይቻላል ይባላል፤ ሞክሬው ትቼዋለሁ፣ ጥጃው ሚዛኑ ላይ ሳለ ይራገጣል፣ ይሸናልም። እኔ በየወሩ የደረቱን ዙሪያ በሜትር እለካለሁ፤ ካልጨመረ፣ ስንት ጡት ለእሱ እንደሚተውለት የቤቱን እመቤት እጠይቃለሁ።