አልፈታ ያለ የዛገ የሞተር ብሎን፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የሞተር ብሎን የሚሰበረው ከዝገቱ ይልቅ በችኮላ ነው። ዝገት ብሎኑን ይይዘዋል፤ የሚቆርጠው ግን ጫፉ ላይ ረጅም ቱቦ የተሰካበት ቁልፍ ነው። ስለዚህ ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁን ለዩ። አንዱ ብሎን ዘይት ብቻ ይበቃዋል፣ ሌላው እሳት ይፈልጋል፣ ሌላው ደግሞ ለጊዜው ባይነካ ይሻላል።

በእኛ አካባቢ የሚያስቸግሩት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው ቱቦ) እና የማርሚታው መገጣጠሚያ እየጋለ እየቀዘቀዘ ስለሚኖር ብረቱ ቶሎ ይበላል። የቴርሞስታቱ (የማቀዝቀዣውን ውሃ ፍሰት እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው) ክዳንና የውሃ ፓምፑ ብሎኖች ደግሞ ኩላንት (ዝገት የሚከላከል የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቀርቶ የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላበት በኖረ ሞተር ላይ ከውስጥ ይዝጋሉ። በባቲ በኩል ከአፋር የሚወጡትን መኪኖች፣ በተለይ የአፍዴራ ጨው የሚጭኑትን፣ ለብቻቸው ማየት ያስፈልጋል፤ ቆላ ላይ ደርቆ የተለጠፈ የጨው ብናኝ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ የደሴ ጉም ሲያገኘው ሥራውን ይጀምራል።

ቁልፉ ይለጠጣል፣ ብሎኑ ግን ንቅንቅ አይልም

ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በብሎኑና በቀዳዳው ጥርስ መካከል ያለችው ትንሽ ክፍተት በዚህ ትሞላና ሁለቱ ይነካከሳሉ። ክዳኑ ወይም ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ከሆነ ከቀዩ ዝገት ጋር ነጭ ዱቄትም ታያላችሁ፤ ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል።

መጀመሪያ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ እስኪጠራ ፈግፍጉት። በዝገት ቅርፊት ላይ የፈሰሰ ዘይት ወደ ጥርሱ አይደርስም፣ ብዙ ሰው ግን ይህን ይዘለዋል። ቀጥሎ ዘይት፦ ደብሊው ዲ 40 ካለ ደህና ነው፣ ለዛገ ብሎን ተብሎ የተሠራ ዘይት ከተገኘ ደግሞ የተሻለ። ሁለቱም ከጠፉ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ተቀላቅሎ በደንብ ይሠራል፤ አሴቶን ቶሎ እሳት ይይዛል፣ ቀለምም ይበላልና ተጠንቀቁ። ናፍጣም ብዙዎች ይሞክራሉ፣ ካለመቀባት ይሻላል እንጂ ከእነዚህ አይደርስም።

ዘይቱን እንደቀባችሁ የብሎኑን ጭንቅላት በመዶሻ ቀጥ አድርጋችሁ ምቱት፤ አጫጭርና ጠንከር ያሉ ምቶች ይበቃሉ። ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፣ ዘይቱም በስንጥቁ ይገባል። እንደገና ቀቡ፣ እንደገና ምቱ፣ ከዚያ ተዉት። የሚቻል ከሆነ ማታ ቀብታችሁ ጠዋት ተመለሱበት። ባለመኪናው ቆሞ ሲያጣድፍ ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን ተሰብሮ ቴስታታ ከሚወርድ አንድ ሌሊት ማደሩ ለእሱም ይሻለዋል። የደሴ ጠዋት ብርድ ዘይትን ስለሚያወፍር ሞተሩ የሚነሳ ከሆነ ትንሽ አሙቁትና አጥፍታችሁ ቀቡ። ለብ ያለ ይሁን፤ የጋለ ማርሚታ ላይ የዝገት ዘይት መርጨት እሳት መጥራት ነው።

ስትመለሱ ወዲያው ወደ መፍቻው አትጠምዝዙ። መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ጎን ጥቂት ግፉት፣ ከዚያ ወደ መፍቻው፣ እንደገና ወደ ማጥበቂያው። ዝገቱ በሁለቱም በኩል ሲገፋ ይፈረካከሳል። ሲለቅ ደረቅ ያለ «ጧ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ በአንገቱ ዙሪያም ቡና የመሰለ ዘይት ብቅ ይላል። ያን ካያችሁ ዘይቱ ጥርሱ ውስጥ ደርሷል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ቆማችሁ አንድ ጊዜ ጨምሩበት።

ዘይት ካልበቃው እሳት

አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ ብሎኑ አሉሚኒየም ውስጥ ከገባ እሳቱ ማረፍ ያለበት በብሎኑ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ነው፤ ቀዳዳው ይሰፋና ብሎኑን ይለቀዋል። ብሎኑን የያዘው ዳዶ (በብሎኑ ጥርስ ላይ የሚጠብቀው ባለቀዳዳ ብረት) ከሆነ ዳዶው ይሙቅ፣ ብሎኑ ቀዝቃዛ ይሁን። ብዙ ሰው ግን ብሎኑን ያግላል፤ ብሎኑ ያብጥና ይብስበታል።

አሉሚኒየም ላይ አንድ አደጋ አለ፦ ብረት እየቀላ ያስጠነቅቃል፣ የሞተር አሉሚኒየም ግን ሳይቀላ ከ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀልጣል። የጋዝ ብየዳውን እሳት አንድ ቦታ አታቁሙት፣ እያዞራችሁ አሙቁ። ጠብ ያደረጋችሁት ውሃ ወዲያው ጭሽ ብሎ ከጠፋ ከ100 ዲግሪ በላይ ነውና ሞክሩት፤ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ይለቃል። በጋለበት ሰዓት የሻማ ሰም አንገቱ ላይ ብታስነኩት ቀልጦ ወደ ጥርሱ ይሳባል። በርካሽ የሚገኝ ነው፣ ይሠራልም። የጋለ ቴስታታ ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፣ ይሰነጠቃል።

እሳት ከማንሳታችሁ በፊት የነዳጅ መስመሩን፣ የጎማ ቱቦዎችንና ሽቦዎችን ከአካባቢው አርቁ፣ ባትሪውንም ንቀሉ። በፍሬን ማጽጃ ያጠባችሁት ቦታ ላይ ፈጽሞ እሳት አታቅርቡ። ክሎሪን ያለበት ማጽጃ ሲቃጠል ፎስጂን የሚባል ሳንባ የሚገድል ጋዝ ያወጣል፤ ደርቋል ብላችሁ አትገምቱ።

ካንዴላ (ለቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጠው) ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነ ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ በትኩሱ ከፈታችሁት የቴስታታውን ጥርስ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ቁልፍ ይሾልካል፣ ጭንቅላቱ ተበልቷል

ያለቀ ወይም ያልገጠመ ቁልፍ ውጤት ነው። ቶዮታ ላይ በብዛት የምታገኙት 10፣ 12፣ 14 ነው፤ 12 የሆነው ላይ 13 ገብቶ ከተሞከረ ማዕዘኑ ወዲያው ይሄዳል። አሥራ ሁለት ጥርስ ያለው ቡሶላም (የብሎኑን ጭንቅላት ዙሪያውን የሚውጠው ቁልፍ) ለዛገ ብሎን አይሆንም፤ ማዕዘኑን ብቻ ስለሚይዝ ይልጠዋል። ስድስት ጎን ያለውን ተጠቀሙ። ከተበላ በኋላ አንድ ቁጥር ያነሰ ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ በመዶሻ አስገድዳችሁ አስገቡበት። አልሆነም? ሁለት ጎኑን በሞረድ ጠፍጣፋ አውጡለት፣ ወይም ዳዶ ጫኑበትና በብየዳ አያይዙት። ብየዳው ከሁሉ የተሻለ የሚሆነው ስለሚይዝ ብቻ አይደለም፤ ብሎኑ ከውስጥ ግሎ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰበሰባል፣ ዝገቱም በመሃል ይላቀቃል። ከበየዳችሁ በኋላ ቅላቱ እስኪጠፋ ጠብቁ።

ጥቂት ዞሮ ይጮህና ይጠነክራል

የፈረሰው ዝገት ጥርሱ መሃል ተጠቅጥቋል። አትግፉት። ወደ ውስጥ መልሱት፣ ዘይት ጨምሩ፣ ሩብ ዙር አውጥታችሁ ግማሹን መልሱ። አሰልቺ ነው፣ ግን ሙሉውን መንገድ እንዲህ ነው የሚወጣው።

ይዞራል፣ ግን ከተቀመጠበት አይነሳም

እጅ ላይ እንደ ማስቲካ የሚለሰልስ ስሜት ካለው፣ ድምፅም ከሌለው፣ አቁሙ። ብሎኑ ሳይዞር ራሱ እየተጠመዘዘ ነው፤ ትንሽ ብትጨምሩ ይቆረጣል። ጭንቅላቱ ላይ በኖራ መስመር አስምሩ፦ መስመሩ ዞሮ ጭንቅላቱ በብሩሽ ፀጉር ያህል እንኳ ካልተነሳ ወደ ዘይቱና ወደ እሳቱ ተመለሱ። ያለ ምንም ጥንካሬ ሙሉ ዙር የሚዞር ከሆነ ግን ጥርሱ አልቋል፤ ከስሩ ካቻቢቴ አስገብታችሁ ወደ ላይ እየገፋችሁ ፍቱት።

ተሰበረ

ጉቶው ከላይ ከተረፈ ደስ ይበላችሁ፤ ዳዶ በይዳችሁበት ከላይ እንዳልኩት ታወጡታላችሁ። ከተቀመጠበት ገጽ እኩል ከተቆረጠ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር መሃሉን ማግኘት ነው። ፊቱን በሞረድ አስተካክሉ፣ መሃሉን በነጥብ መምቻ ምቱ፣ በ3 ሚሊ ፑንታ (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ) ጀምሩ። ፑንታው ወደ ጎን ከሄደ ለስላሳውን አሉሚኒየም ይበላል እንጂ ብሎኑን አይነካም። ውፍረቱ 8 ሚሊ፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ለሆነ ብሎን ቀስ በቀስ እስከ 6.8 ሚሊ ብትበሱት የሚቀረው ስስ ጠመዝማዛ ሽቦ ብቻ ነው፤ በሹል ነገር ተስቦ ይወጣል፣ ጥርሱም በጥርስ ማውጫ ይታደሳል።

ጠመዝማዛውን የብሎን ማውጫ ግን በጣም የዛገ ብሎን ላይ አልመክርም። በጣም ጠንካራ ብረት ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ ፑንታ አይበሳውም። ያ ከደረሰ፣ ወይም የተሰበረው ብሎክ (የሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ የቀረ የቴስታታ ብሎን ከሆነ፣ ወደ ቶርኖ ቤት ውሰዱት።

ሲገጠም

የዛገውን ብሎን መልሳችሁ አትግጠሙ። ቀዳዳውን አጽዱ፣ በተለይ ስሩ የተዘጋውን፤ ዘይት ወይም ውሃ ተጠራቅሞበት ከቀረ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ለማኒፎልዱ ተራ ግሪስ ስለሚቃጠል የመዳብ ግሪስ ቀቡ፣ ጥርሱ ላይ ስስ አድርጋችሁ። የተቀባ ብሎን በዚያው ጉልበት ከደረቁ በላይ ይጠብቃልና ቶርክ ሬንቹን (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካውን ቁልፍ) ዝቅ አድርጉት። የቴርሞስታቱን ክዳን ስትዘጉም ራዲያተሩን በኩላንት ሙሉት፤ ውሃ መጨመር ግድ ከሆነም ኩላንቱ ይቅደም።