ከሳንቃ በር እስከ ግጭ፦ በሰሜን ተራሮች የአንድ ቀን የእግር ጉዞ አካሄድ

ከደባርቅ ተነስቶ በገደሉ አፋፍ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ ካምፖች በኩል ወደ ራስ ደጀን የሚዘልቀውን የሰሜን ተራሮች የእግር መንገድ ሙሉ በሙሉ ለመሄድ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ያን ያህል ጊዜ ለሌለው ሰው ግን ከሳንቃ በር እስከ ግጭ ያለው የአንድ ቀን መንገድ ገደሉንም፣ ፏፏቴውንም፣ የደጋውን ሜዳም በአንድነት ስለሚያሳይ ከሁሉም ክፍሎች የሚመረጥ ነው። ርዝመቱ ከ12 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ይገመታል፤ ሳይቸኩሉ ለሚሄዱ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይወስዳል።

የሳንቃ በር ካምፕ ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ፣ የግጭ ካምፕ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ቀኑን ቀላል አድርጎ ይገምታል። ነገር ግን መንገዱ መሃል ላይ ወደ ጅንባር ወንዝ ይወርድና የወረደውን ሁሉ መልሶ ያስወጣል፤ ዳገቱም የሚመጣው እግር ከዛለ በኋላ ነው። ስለዚህ የቀኑ ዝግጅት ሁሉ ለዚያ ዳገት የሚሆን ጉልበት፣ ውሃና ሰዓት ማቆየትን ዓላማው ማድረግ አለበት።

ለጉዞው የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ ከወጣበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ተራራው ለምለም፣ ፏፏቴውም ሙሉ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይበልጥ ይጠራል፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ግን ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ጉዞ ከመቁረጥ አስቀድሞ ስለ አካባቢው ጸጥታና ስለ መንገዱ ሁኔታ ወቅታዊ መረጃ መጠየቅ የግድ ነው።

የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅ፣ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። መሣሪያ የያዘ ስካውት (ጠባቂ) ሳይዙ በፓርኩ ውስጥ መጓዝ አይፈቀድም፤ መንገድ መሪ፣ አብሳይና የጭነት በቅሎ ከነባለቤቱም እዚያው ደባርቅ ላይ ይገኛሉ። ድንኳንና የመኝታ ከረጢት በበቅሎ ቢሄዱ ይሻላል፤ በዚህ ከፍታ ከባድ ሸክም ተሸክሞ ዳገት መውጣት ጉብዝና ሊመስል ይችላል፣ ጥቅሙ ግን አይታየኝም። የስካውቱን ምግብና መኝታም አስቀድሞ መነጋገር ተገቢ ነው።

በትከሻ የሚያዘው ትንሽ ቦርሳ ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ፣ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ባትሪ ይበቃዋል። ለስንቅ ቆሎ፣ ዳቦና በሶ ሳይበላሹ ስለሚቆዩ ከሁሉም የተሻሉ ናቸው። ጫማው አስቀድሞ እግር የለመደው ይሁን፤ ለቁልቁለቱ ዱላ መያዝም ጉልበትን ያሳርፋል። የስልክ ኔትወርክ በብዙው መንገድ ላይ ስለማይገኝ በእርሱ መተማመን አይገባም። ከቆላ ወይም ከወይና ደጋ የመጣ ሰው ቢያንስ አንድ ሌሊት በደባርቅ ወይም በሳንቃ በር አድሮ ሰውነቱን አየሩን ቢያለማምድ ይመከራል።

ከሳንቃ በር ቢዘገይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መነሳት ያስፈልጋል። መንገዱ በመጀመሪያ በአስታ ዛፎች መካከልና በገደሉ አፋፍ ያልፋል፤ በስተግራ ያለው ምድር በድንገት ተቆርጦ እስከ ቆላው ድረስ ይወርዳል። ሣር እየነጩ የሚውሉት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ብዙውን ጊዜ በዚህ በኩል ይገኛሉ። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኙት እነዚህ እንስሳት ሰውን እምብዛም ስለማይሸሹ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ማየት ይቻላል፤ ምግብ መስጠት ግን ክልክል ነው። ዋልያን ለማየት የጓጓ ሰው ተስፋውን ለጨነቅ ያቆይ፤ በዚህ ክፍል የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው።

ወደ ጅንባር ፏፏቴ ማሳያ የሚወስደው መንገድ ከዋናው ወጣ ይልና በጠባብ ሸንተረር ላይ ያበቃል። ከማዶ ውሃው ከገደሉ አፍ ወደ ጥልቁ ሲወረወር ይታያል። ዳር ላይ ቆሞ ፎቶ ለመነሳት መሻማት አይገባም፤ መሬቱ ጭቃ ወይም ልል ድንጋይ ሊሆን ይችላልና። ብዙ ተጓዥ ሰዓቱን የሚያባክነው እዚህ ነው፤ ግማሽ ሰዓት በቂ ሲሆን፣ ወደ ግጭ ለመዝለቅ አቅም የሌለው ሰው ከዚህ ወደ መኪናው መንገድ ተመልሶ ቀኑን ሊያበቃ ይችላል።

ከዚያ ወደ ጅንባር ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት በአጭር እርምጃ የሚሄዱበት ነው። ወንዙ ዳር ምሳ በልቶ በደንብ ማረፍ፣ ውሃ መጠጣትና እስከ 7 ሰዓት ተኩል ድረስ መነሳት ይበጃል። የወንዙን ውሃ ሳያፈሉ ወይም ሳያክሙ መጠጣት አይገባም። ዳገቱን ሲጀምሩ እየተነጋገሩ መሄድ የሚያስችል ፍጥነት ትክክለኛው ነው፤ ቃላት ሲቆራረጡ ቆም ማለት ይገባል። አስታው እየሳሳ ሄዶ ጓሳ የሚባለው ሣርና ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል የሞላበት ሜዳ ሲከፈት ካምፑ ቀርቧል ማለት ነው።

ከ10 ሰዓት በፊት የደረሰ ተጓዥ በላብ የራሰውን ልብስ ወዲያው ቀይሮ ትኩስ ነገር ይጠጣ። ለእሳት እንጨት መቁረጥ ስለማይገባ የጋዝ ምድጃ ይዞ መምጣት ያስፈልጋል። ቀላል ራስ ምታት በዕረፍትና በውሃ ሊሻል ይችላል፤ ምታቱ እየጠነከረ ከሄደ፣ ማስመለስ ወይም መንገዳገድ ከተጨመረበት ግን ሌሊቱን ሳይጠብቁ ከስካውቱና ከበቅሎው ጋር ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ያስፈልጋል። በማግስቱ 3,926 ሜትር ከፍታ ወዳለው የእሜት ጎጎ ጫፍ መውጣት የሚገባውም ጠዋት ምንም ሕመም ሳይሰማው የነቃ ሰው ብቻ ነው።