የትከሻና የክንድ ነርቭ ሲታመም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሕመሙ ሲበርድ «ድኛለሁ» ማለት ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ፓርሰኔጅና ተርነር የተባሉ ሐኪሞች በስፋት የገለጹትና በስማቸው የሚጠራው የትከሻና የክንድ ነርቭ ሕመም አካሄዱ አሳሳች ነው። ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ይቆጡና ትከሻ በድንገት፣ ብዙውን ጊዜ በሌሊት፣ እንቅልፍ በሚነሣ ሥቃይ ይያዛል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሥቃዩ ሲረግብ ክንድ ይዝላል፣ ጡንቻም ይሳሳል። ፀጉር ማበጠር ያቃተው ሰው ሥቃዩ ስለተወው ብቻ ሕክምናውን ማቋረጥ የለበትም።

ሁሉንም ነገር በአንገት ዲስክ (በአንገት አጥንቶች መካከል ባለው ትራስ መሰል ክፍል) ማሳበብም የተለመደ ስህተት ነው። የዲስክ መሸርሸር ምንም በማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ ላይም ይታያል፤ ምስሉ ከምልክቱ ጋር ካልገጠመ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል።

ትከሻን ብቻ ማየት ደግሞ የደም ሥር ብግነትን ያስመልጣል። ነርቭን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲቆጡና ሲጠቡ ነርቩ ደም አጥቶ ይጎዳል። ጉዳቱ ከአንዱ ነርቭ ወደ ሌላው ይዘላል፦ መጀመሪያ የእጅ አንጓ ዝሎ ቀና ማለት ያቅተዋል፣ ቆይቶ የሌላው ጎን እግር መጎተት ይጀምራል። ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የቆዳ ሽፍታ፣ በጎልማሳነት የጀመረ አስም፣ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ካለ፣ ባይጠየቁም ለሐኪሙ ይንገሩ። እንዲህ ያለው የእጅ ወይም የእግር መዛል በፍጥነት ከጨመረ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ዕለት መታየት አለበት።

የነርቭና የጡንቻ የኤሌክትሪክ ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጤናማ ቢመስል አይዘናጉ። የጡንቻው ለውጥ ጎልቶ የሚወጣው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ምርመራውን መድገም ሊያስፈልግ ይችላል።

የደም ሥር ብግነቱ ሲረጋገጥ ብዙውን ጊዜ ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ ስቴሮይድ፣ ማለትም ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ይታዘዛል፤ ከበድ ሲል የሰውነትን መከላከያ የሚገታ ሌላ መድኃኒት ይጨመራል። ስቴሮይዱን ለሳምንታት ወስዶ «ተሽሎኛል» ብሎ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ብግነቱ ሊያገረሽ ይችላል፣ ሰውነትም የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስለሚያዳግተው ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል። መጠኑን ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰው።

የተጎዳ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ ማገገም ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። እስከዚያው ክንዱን ጨርሶ አስሮ ማስቀመጥ መገጣጠሚያውን ያደርቃል፣ ያለ ልክ ማሠራትም የዛለውን ጡንቻ ያደክማል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ክንዱን ሳያስጨንቅ እንዲያንቀሳቅስ ከመጀመሪያው ይጠይቁ።