በባሕር ዳር የብስክሌት ጉዞ የሚመራ የበጎ ፈቃድ ቡድን እንዴት ይደራጃል?

ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ በመሆኗ ብስክሌት ለብዙ ነዋሪ የዘወትር መጓጓዣ ነው፤ ስለዚህ ቡድን ለሚያቋቁም ሰው የሚከብደው ነጂ ማግኘት ሳይሆን ትዕግሥት ያለው መሪ መምረጥ ነው። ፈጣን ነጂ ሁሉ ጥሩ መሪ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ አይሆንም።

ለ20 ተሳታፊዎች ቢያንስ 4 ፈቃደኞች ይመደቡ። ከፊት የሚሄደው ፍጥነቱን በደካማው ነጂ አቅም ይወስናል፤ የኋለኛው ማንንም ሳይተው የመጨረሻ ሆኖ ይጓዛል፤ ሁለቱ ደግሞ በየመታጠፊያውና በየአደባባዩ ቀድመው ቆመው አቅጣጫ ያሳያሉ። ተሽከርካሪ የማስቆም ሥልጣን ግን የላቸውም፤ መንገድ መዝጋት ካስፈለገ ጉዳዩ አስቀድሞ ለትራፊክ ፖሊስ መቅረብ አለበት።

መሪዎቹ መስመሩን ከጉዞው በፊት፣ ጉዞው በሚካሄድበት ሰዓት ነድተው ይፈትሹት፤ እሑድ ማለዳ ጭር ያለው መንገድ በገበያ ቀን በባጃጅ ሊጨናነቅ ይችላልና። ባጃጆች ተሳፋሪ ለማውረድ በድንገት ወደ ቀኝ ጠርዝ ስለሚጠጉ፣ በዚያው ጠርዝ የሚሄደው ሰልፍ ጎን ለጎን ሳይሆን አንድ በአንድ፣ በመካከሉም ቢያንስ የሁለት ብስክሌት ርዝመት ያህል ክፍተት ጠብቆ እንዲጓዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ጉዞው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ከሆነ ከዳገቱ ይልቅ የሚያሳስበው ቁልቁለቱ ነው፤ ፍሬኑ ያልተፈተሸ ብስክሌት ጨርሶ አይውጣ።

መሪዎች ፓምፕ፣ የጎማ መለጠፊያ፣ ፊሽካና የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ ይያዙ። የየተሳታፊው የቅርብ ቤተሰብ ስልክ ከመነሻው ይመዝገብ፤ ልጆችም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይሳተፉ።