በጎንደር ለሚኖር ሰው አዲስ መኪና ይሻላል ወይስ ያገለገለ? እንዴት መወሰን ይቻላል

መኪና ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ዋጋ በማጠያየቅ ነው። ዋጋው ከመታወቁ በፊት ግን መኪናው የሚሠራው ሥራ መታወቅ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ለአንዱ ቤተሰብ እጅግ የተስማማ መኪና ለጎረቤቱ የማያባራ ወጪ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ መኪናው በአንድ ወር ውስጥ የሚሄድባቸውን መንገዶች በወረቀት ላይ ይጻፉ። ከአዘዞ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ማራኪ ብቻ ነው የሚመላለሰው? ወይስ በየጊዜው ወደ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ወደ ጎርጎራ ይወርዳል፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ደባርቅ ይወጣል? ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተርም በዚያው መጠን ጉልበቱን ያጣል። በከተማ ውስጥ ደስ የሚያሰኝ ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ አምስት ሰው ከነዕቃው ጭኖ ወደ ኮሶዬ ዳገት ሲወጣ የሚያቃስተው በዚህ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከፍታ አያደክመውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም የተወሰነውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል።

ቀጥሎ «አዲስ» የሚለው ቃል ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ ይረዱ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አዲስ መኪና መግዛት በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ማለት ሆኗል። ስለዚህ የሚወዳደሩት አዲስና አሮጌ ብቻ ሳይሆኑ ሁለት የተለያዩ የአነዳድና የጥገና ዓይነቶች ናቸው። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና የነዳጅ ሰልፍ የለበትም። በአንጻሩ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 2.5 ኪሎ ዋት ከሚሰጥ ተራ የቤት ሶኬት ባዶውን ቢጀምር ለመሙላት 24 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በየቀኑ 30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚነዳ ሰው ይህ አያስጨንቅም፤ ማታ ሰክቶ ጠዋት መንቀል ነው። ተከራይ ከሆኑና መኪናውን የሚያሳድሩት ከቤትዎ ርቆ ከሆነ፣ ወይም በሠፈርዎ መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ግን አዲሱን መኪና ለጊዜው እንዲተዉት እመክራለሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ መኪናው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው። ወደ ሻጩ ከመሄድዎ በፊት የሚያምኑትን የጎንደር መካኒክ «ይህን መኪና ፈትተህ ታውቃለህ? ዕቃውስ እዚህ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ይመጣል?» ብለው ይጠይቁት። አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ አንድ ትንሽ ሴንሰር እስኪመጣ መኪናው ለሳምንታት ሊቆም ይችላል። ወደ አገራችን ከገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩና በግል አስመጪዎች የመጡ በመሆናቸው፣ የፋብሪካው ዋስትና ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ መሆኑንና ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተነገረ ዋስትና አይቁጠሩ።

ከዚህ በኋላ ገንዘብዎን ይከፋፍሉት። በእኔ እምነት ያለውን ሁሉ ለመኪናው የሚያወጣ ሰው መኪና አልገዛም፤ ጭንቀት ነው የገዛው። ካጠራቀሙት ውስጥ ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ለስም ማዛወሪያ፣ ለመድን፣ ለጎማና ለመጀመሪያው ጥገና ያስቀሩ፤ በቀረው የሚገዛውን ይፈልጉ። በዚህ ስሌት አብዛኛው ጎንደሬ ያገለገለ መኪና ላይ ይደርሳል፤ በከተማዋ ጋራዦች የሚታወቅ ዓይነት እስከሆነም ድረስ ጥሩ ውሳኔ ነው።

ውሳኔዎ ያገለገለው ከሆነ ዋናው ሥራ ገና መጀመሩ ነው። ሻጩን በቀጠሩት ሰዓት ሳይሆን ቀደም ብለው፣ ጠዋት በብርዱ ይድረሱ፤ መጀመሪያም እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ሞቆ ካገኙት ሞተሩ እርስዎ ሳይደርሱ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ምናልባት በብርድ አልነሣም የሚል መኪና ሊሆን ስለሚችል በሌላ ቀን ይመለሱ። ሲነሣ ከጀርባ ቆመው ጭሱን ይመልከቱ። የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚበላ ያሳያል። ጠዋት የሚታይ ነጭ እንፋሎት ችግር አይደለም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋና የራዲያተሩ ውሃ የሚጎድል ከሆነ ግን ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ይጠራጠሩ። በእኛ ከፍታ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ የራዲያተር ክዳን መላላት እንኳ እዚህ ሞተር ሊያቃጥል ይችላል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አይመኑ። እኔ ከዓመታት በፊት 70,000 የሚል ቆጣሪ አይቼ ገዛሁ፤ የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ግን በቀኝ ጠርዙ በኩል አልቆ ብረቱ ብቅ ብሎ ነበር። ዓይኔ እያየው ቁጥሩን አመንኩ፤ በስምንት ወር ውስጥም ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አስወረድኩ። ስለዚህ ፔዳሉን፣ የመሪውን ጠርዝና የሹፌሩን ወንበር ይመርምሩ። የጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ፤ 2319 ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ ጫፉ ሲስቡት የሚገኘው ምልክትም ብዙ ጊዜ የተመረተበትን ዓመት ይነግራል። ትንሽ ማግኔት ይዘው በብረቱ አካል ላይ ቢያሳልፉ የማይይዝበት ቦታ ወፍራም ስቱኮ የተሞላበት ነው። በመጨረሻ መካኒክዎን ከጎንዎ አስቀምጠው ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ይንዱት፤ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) የሚንሸራተት ከሆነ የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ መኪናው አይፈጥንም።

ስለ ወረቀቱ አጭር ነገር ልበል፤ አጭር ቢሆንም አይዝለሉት። በሊብሬው (በመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። መኪናው በባንክ ወይም በፍርድ ቤት ያልታገደ፣ ከቀረጥ ነፃ ገብቶም ከሆነ ቀረጡ የተከፈለ መሆኑን ፋይሉ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይፈርም። በውክልና ብቻ መኪና ይዞ መኖር አደገኛ ነው፤ ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፣ ቢሞትም ውክልናው በመርሕ ደረጃ ስለሚቋረጥ ከወራሾች ጋር ክርክር ውስጥ ይገባሉ።

ቀብድ የሚሰጡ ከሆነ ትንሽ ያድርጉት፤ በምን ሁኔታ እንደሚመለስም በጽሑፍ ያስፍሩ። ቀሪውን ውሉ በሚፈረምበት ዕለት በባንክ ያስተላልፉ። ሊብሬውንና ሁለቱንም ቁልፎች ከተረከቡ በኋላ መኪናውን መጀመሪያ የሚወስዱት ወደ ጋራዥ ይሁን፤ ዘይቱን፣ የዘይት ማጣሪያውንና የፍሬን ሸራውን ሻጩ «ትናንት ነው የቀየርኩት» ቢልም እንኳ በራስዎ ገንዘብ ያስቀይሩ።