በሐዋሳ ሐይቅ ላይ በሸራ ጀልባ ሲወዳደሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዘወትር የሚታዩት የሞተርና የመቅዘፊያ ጀልባዎች ስለሆኑ፣ በሸራ ለመወዳደር የሚነሣ አማተር ብዙውን ጊዜ የቀዛፊን አስተሳሰብ ይዞ ይገባል። የጀልባዎቹ አቅም ተቀራራቢ ሲሆን ደግሞ አሸናፊውን የሚለየው ከፍጥነት ይልቅ ያነሰ ርቀት በከንቱ ማባከኑ ነው።

ዋነኛው ስህተት ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በቀጥታ ለመሄድ መሞከር ነው። ይህን ማድረግ የሚችል የሸራ ጀልባ የለም፤ ከነፋሱ 45 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየታጠፈ ይወጣል እንጂ። ጀማሪው መንገድ ያሳጠረ እየመሰለው የጀልባውን አፍንጫ ወደ ምልክቱ (ጀልባዎቹ ወደሚዞሩት ተንሳፋፊ) ባስጠጋ ቁጥር የሸራው የፊት ጠርዝ ይርገበገባል፣ ጀልባውም ኃይል አጥቶ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ያኔ አፍንጫውን በጥቂቱ ከነፋሱ ማራቅ ይገባል። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ግን የሚስተካከለው ሸራው ነው፦ እስኪርገበገብ ገመዱን ማላላት፣ ከዚያም መርገብገቡ እስኪቆም ብቻ መሳብ።

ሰዓት አለመምረጥም ሌላ ስህተት ነው። ጠዋት ነፋሱ ደካማ ከመሆኑም በላይ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን እያነሡ ወደ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚመለሱበት ጊዜ ነው፤ የጀልባው መሪ መረብ ውስጥ የገባበት ተወዳዳሪ ውድድሩን ብቻ ሳይሆን የሰው እንጀራም ያበላሻል። የብሱ ሲሞቅ ነፋሱ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ በእኩል የነፋስ ፍጥነት ሸራው የሚያገኘው ግፊት ያንሳል፣ ለባሕር ዳርቻ የተጻፈን መመሪያም እንዳለ መቀበል ያሳስታል።

በመነሻው ላይ ብዙዎች መስመሩ አጠገብ ቆመው የመነሻውን ምልክት ይጠብቃሉ። በተለመደው ሥርዓት ምልክቶቹ 5፣ 4 እና 1 ደቂቃ ሲቀር፣ በመጨረሻም በመነሻው ቅጽበት ይሰጣሉ፤ የቆመ ጀልባ ፍጥነት ለማግኘት ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ሰዓቱ ሲደርስ እየሮጠ መገኘት አለበት። ቀድሞ ያለፈ ግን ተመልሶ እንደገና ይነሣል። አስቀድሞ በመስመሩ መሐል ቆሞ አፍንጫውን በቀጥታ ወደ ነፋሱ ያዞረ ሰው፣ አፍንጫው የሚያዘነብልበት ጫፍ ለነፋሱ የቀረበና የተሻለ መነሻ መሆኑን ያውቃል።

የቅድሚያ ሕግን አለማወቅ ግጭት ያመጣል፦ ነፋሱን በግራ ጎኑ የሚቀበል ጀልባ በቀኝ ለሚቀበለው መንገድ ይለቃል። የሚዞሩትን ተንሳፋፊ ምልክት የነካም አንድ ዙር ዞሮ ይቀጣል።

ትንቅንቁ ሲጠብቅ ውድድሩን የሚመራው ሰው የሚሠራው ስህተት የተሻለ ነፋስ ፍለጋ ብቻውን መራቅ ነው። ተከታዩ ሲታጠፍ አብሮ መታጠፍ፣ በእርሱና በመድረሻው መካከል መቆየት ይሻለዋል፤ ለተመልካች አሰልቺ ቢሆንም ብልሃቱ ይኸው ነው። ተከታዩ በበኩሉ ከመሪው ሸራ ኋላ ባለው የተረበሸ ነፋስ ውስጥ መቅረት የለበትም። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ደግሞ ሁለቱም የመድረሻውን መሐል ከማለም ይልቅ ቶሎ የሚደረስበትን ጫፍ ይምረጡ፤ የጀልባው አካል ጫፍ መስመሩን እንደነካ ውድድሩ ተጠናቋልና።