የጊታር ኪት፦ ብሎኑ ቀላል ነው፣ ሥራው ማስተካከሉ ላይ ነው

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ኤሌክትሪክ ጊታር ተፈታቶ፣ ኪት ሆኖ፣ በሻንጣ ሊመጣላችሁ ይችላል። አካሉ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ አንገቱም በሰያፍ ከተጋደመ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ለጀማሪ የምመክረው የቴሌካስተር ዓይነቱን ነው። የጊታር አምራቹ ፌንደር ይህን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲያወጣ አንገቱን በኮላ ሳይሆን በ4 ብሎን ነው ያሰረው። ስለዚህ ካቻቢቴ የያዘ ሰው ሁሉ ይገጥመዋል።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ሁሉንም ነገር አንድ ጊዜ ገጥማችሁ እዩት። አንገቱን አስገቡና በሁለቱ ዳር ክሮች ቦታ ቀጭን የስፌት ክር እስከ ብሪጁ (አካሉ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት) ዘርጉ። ከአንገቱ ጠርዝ ያላቸው ርቀት ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለበት። ከዚያ ከነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበት ባለ ጎድጓዳ ቁራጭ) እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በተርታ ከተሰኩት የብረት መስመሮች 12ኛው) ለኩ፤ 324 ሚሊሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። ከ12ኛው ፍሬት እስከ ብሪጁ ክር ማረፊያም ያንኑ ያህል መሆን አለበት። ቀጭኗን ክር የሚሸከመው ማረፊያ እዚያ ካልደረሰ ምንም አትብሱ። በኋላ የትኛውም ማስተካከያ አያድነውም።

አንገቱን ስታስሩ ብሎኖቹን ጧፍ ላይ አሽታችሁ አስገቡ። አንገቱ ብዙ ጊዜ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ደረቅ ብሎን እዚያ ውስጥ ከተሰበረ ማውጣቱ ፍዳ ነው።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። በ220 ከዚያ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ መስመር ፈግፍጉ፣ ቫርኒሹን በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ደጋግሙ። አንገቱ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ግን አትቀቡ። በክረምት ከሆነ ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው ቀን በላይ አቆዩት።

የኤሌክትሪክ ገመዱ ሥራ አሁን በአብዛኛው በሶኬት የሚሰካ ነው። ክር ሳታስሩ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ሰኩትና ፒክአፖቹን (የክሩን ድምፅ የሚይዙትን ማግኔቶች) በካቻቢቴ ነካ ነካ አድርጉ፤ "ጧ" ካለ ይሠራል። በኋላ ክር ካሰራችሁ ወዲያ ክሩን ስትነኩ የአምፑ እዝዝታ ከቀነሰ ደህና ነው። ካልቀነሰ፣ ከብሪጁ ሥር መሬት (ግራውንድ) የሚያይዘው ሽቦ ብረቱን አልነካም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ፦ መጀመሪያ አንገት፣ ከዚያ ከፍታ፣ በመጨረሻ ቅኝት (ክሩ ፍሬት ላይ ሲጫኑትም ድምፁ ትክክል እንዲሆን ማረፊያውን ማስተካከል)።

ክሮቹን ሙሉ ቃኙ፤ አንገት የሚለካው ተስቦ እያለ ነው። ወፍራሙን ክር 1ኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑት። 7ኛው አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ሩብ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። ከበዛ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ ወደ ቀኝ አጥብቁ፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ፣ እንደገና ቃኙ፣ ለኩ።

የክሩ ከፍታ 12ኛው ፍሬት ላይ ቀጭኗ 1.6፣ ወፍራሙ 2 ሚሊሜትር ይሁን። ብዙ ሰው ዝቅ አድርግልኝ ይላል። ትዝታ የሚጫወት፣ ድምፁን በጣቱ ስቦ የሚያስለቅስ ሰው ግን ዝቅ ያለ ክር አይሆነውም፤ ሲስበው ፍሬት ላይ እየታነቀ ድምፁ ይሞታል። ለእነዚህ ቀጫጭኖቹን ሁለቱን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ።

የኪት ነት ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ከፍ ያለ ነው። 3ኛውን ፍሬት ተጭናችሁ 1ኛው ላይ የሚቀረው ክፍተት የፀጉር ያህል ካልሆነ፣ ጎድጓዱን በቀጭን ሞረድ ቀስ እያላችሁ ዝቅ አድርጉት። 1ኛው ፍሬት ላይ የሚያዙ ኮርዶች ከቅኝት የሚወጡት በዚህ ነው።

ቅኝቱን በስልክ መቃኛ አረጋግጡ። 12ኛው ላይ ሳትጫኑ ነክታችሁ የሚወጣውን ድምፅና ተጭናችሁ የሚወጣውን አወዳድሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ማረፊያውን ከአንገቱ አርቁት፣ ዝቅ ካለ አቅርቡት። ባለ 3 ማረፊያ ብሪጅ ሁለት ሁለት ክር ስለሚያጋራ መስማማቱ ከባድ ነው፤ ስትገዙ ባለ 6 ያለውን ፈልጉ።

በጋ ሲገባ አንገቱ ስለሚደርቅ የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ መቧጠጥ ይጀምራል። ጠርዙን በሞረድ አንድ ሁለቴ አሸት አሸት ማድረግ ይበቃል፤ እንጨቱን ግን በፕላስተር ሸፍኑት።